ጨው ያልነካው ድስት

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ከማለዳው ጀምሮ ዝናብ። ቤት ያለነው እኔ፣ ታናሽ እህቴ ሰናይትና ልጇ ቤዛ ነን። የሰናይት ባል ታደለ ሥራ ነው።

ሰናይት ዛሬ አንድ ካልሲ አድርጋ ሌላውን ረሳችው። ካልሲው እጇ ላይ እንዳለ መስኮቱን ስታይ ቆየች። "ሰኒ" ብዬ ስጠራት ዘግይታ "እ?" አለችኝ። ድምፅዋ ወፍሮ የሌላ ሰው መስሏል። ፊቷ አብጧል፣ ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ጋቢ ለብሳ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በላዩ የታደለን ጃኬት ደርባ አሁንም ይበርዳታል። ቤዛ ጠጋ ብላ "እቴቴ፣ እማዬ ባትሪዋ እያለቀ ነው" አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። "ይሞላል" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

ክኒኗን ካቆመች አራተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ጥር ላይ አንገቷ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር አለበት ተብሎ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዕጢውን ሥራ ይሠራላት የነበረው በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ነው። አሁን ሐኪሞቹ የቀረ ነገር እንዳለ፣ ወደ ሳንባዋ ተሻግሮም እንደሆነ ማየት ፈለጉ። ለዚያ ሲባል ክኒኑ ቆመ። የፊታችን ሰኞ ልዩ እንክብል ትውጣለች፤ ሐሙስ ማሽን ስር ትተኛለች።

የኒውክለር ሕክምና ክፍሉ ነርስ ሲስተር ምንትዋብ ያስረዳችኝን እንዳልረሳው እዚህ ልጻፈው። ያ ዕጢ አዮዲን ይበላል። ካንሰሩ ሳንባም ይግባ አጥንት፣ ከዚያ ዕጢ የወጣ ስለሆነ አመሉን አይተውም፣ እሱም አዮዲን ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያስርቡታል። በደንብ ሲርበው ጨረር ያለው አዮዲን በእንክብል ይሰጡታል። ሮጦ ይበላል። ከበላ በኋላ የተደበቀበት ቦታ ሁሉ ማሽኑ ላይ ይበራል። ጠግቦ ከጠበቃቸው ግን አይበላም፣ አይታይምም።

ይህን ስትነግረኝ ገባኝ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ሚጥሚጣ ከምጠቀልልበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ጀርባና ሰው ሲያወራ ከሰማሁት ነው። ረሃብ ግን ትምህርት አይፈልግም።

በሱቅ የሚሸጠው የታሸገ ጨው ሁሉ አዮዲን አለበት። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ጨው የለም። ዓሣ የለም። ወተትና እንቁላል ጾሙ ራሱ ከልክሎልናል። ለሰናይት ብቻዋን የምሠራበት ድስት ለይቻለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው ጆሮው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ታደለ ያቺን ድስት "እመቤቲቱ" ይላታል።

ማታ ከእመቤቲቱ ሽሮ አቀረብኩላት። "እንዴት ይዞሻል? አይመርም?" አልኳት።

"አፌ ጣዕም ከጠፋው ቆየ" አለች። "ደግሞ እንዳልሽው አይደለም፣ ይበላል።"

ደስ አለኝ። ባለሙያ ነሽ ያለችኝ ያህል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሆስፒታል ዋልን። ከገርጂ መገናኛ በሚኒባስ፣ ከመገናኛ በሌላ። ሰናይት ስትሳፈር እግሯን ማንሳት ከበዳት፤ ረዳቱ "ማዘር፣ ትንሽ ፈጠን!" አላት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔን ሃምሳ ሁለት የሆንኩትን "እህቴ" አለኝ። እሷ ሳቀች፤ ስትስቅ ካየኋት ሳምንት አልፎ ነበር።

የደም ምርመራው ውጤት ደረሰ። ሲስተር ምንትዋብ ወረቀቱን አይታ "በጣም ጥሩ! ቁጥሩ ሰማይ ነክቷል፤ ሰውነቷ በደንብ ተርቧል" አለች። እህቴን የሚያደክማት ነገር ሁሉ እዚያ ሆስፒታል "ጥሩ" ይባላል። መልመድ አለብኝ።

"ጨውስ?" አለችኝ።

"ጨው በአፏ አልዞረም" አልኩ።

ሰው ፊት እንዲህ በሙሉ አፌ ተናግሬ አላውቅም። ሲስተር አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት አስታማሚዎች ዞራ "አያችሁ? አስታማሚ እንዲህ ነው" አለች። ፊቴ ጋለ። ስንወጣ ሰናይት ክንዴን ይዛ "ዛሬ ቁመትሽ ጨምሯል" አለችኝ።

የተነገረን፦ ሰኞ ጠዋት ምንም ሳትበላ ትምጣ። እንክብሉን ከዋጠች በኋላ ለጥቂት ቀን ቤዛን አታቅፍም፣ አብራት አትተኛም። ውሃ በብዛት ትጠጣ። መጸዳጃ ቤት ደጋግማ ውሃ ትልቀቅ። ሐሙስ የማሽኑን ፎቶ እንደተነሳች ክኒኗን ትጀምራለች።

የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጠየቀች። "ሐሙስ ማታ? ሐሙስ ማታውኑ?" ሲስተር "ማታውኑ" አለቻት። መንገዱን ሁሉ እንደ መዝሙር ይዛው መጣች።

ቤዛ እሑድ ማታ የታደለ እህት ዘንድ ትሄዳለች። ገና አልነገርናትም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ሾላ ሄጄ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ገዛሁ። ጭቃ ነበር። ከሰዓት ሱቄን ከፈትኩ። የኔ ሱቅ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለች ጠባብ የባልትና ቤት ናት፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት ገባች። አይቻት አላውቅም።

"ጨው ያልገባበት በርበሬ አለሽ?" አለችኝ።

"የለኝም። እኔ ሲፈጭ ነው የማስገባው፣ አለዚያ ይነቅዛል።"

"ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ! ባሌ ደም ግፊት አለበት። ጨው ተከልክሎ፣ የጨው ዕቃውን ከማዕድ ላይ አንስቼ፣ ደብቄ፣ ለካ በበርበሬው እያበላሁት ኖሯል!" ብላ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። አዎ ሳቅሁ። "እንግዲህ ለይቼ ሳስፈጭ እነግርሻለሁ" ብዬ ሸኘኋት። ጃንጥላዋን ዘርግታ እስክትወጣ ድረስ አልገባኝም።

ከዚያ ገባኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የበርበሬውን ጆንያ አየሁት። የሽሮውን አየሁት። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ጨው አለው። ሁልጊዜም አለው። አተሩ ታምሶ፣ ቅመሙ ተለክቶ፣ ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ጨዉን የማፈሰው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ያንኑ የታሸገውን። ስንት ዓመት ያደረግሁት ነው። ድስቱን ለየሁ፣ ክር አሰርኩ፣ ማንኪያውን ሳይቀር ለየሁ። ከዚያ ድስቱ ውስጥ የራሴን ሽሮ ጨመርኩ።

ለኔ ጨው ማለት ወጡ ሊወጣ ሲል የሚነሰነሰው ነው። በርበሬ ውስጥ ያለው ጨው ጨው አይመስለኝም። በርበሬ ነው።

"ይበላል" ያለችኝ ለዚህ ነው።

ታደለ አመሻሽ ላይ እየሳቀ መጣ። እሱ ቦሌ ካርጎ ነው የሚሠራው። "እትዬ ውብዓለም፣ ምሥራች! የእንክብሉ ሳጥን ገባ!" አለኝ። "ቢጫ ምልክት ያለበት፣ ሦስት ክንፍ የተሳለበት። ከአበባውም ከሥጋውም አርቀው ብቻውን አስቀምጠውት አየሁት። ማንም አይጠጋውም። እንደ እርስዎ ነው፣ ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን ያቃጥላል።"

ሰናይት ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና አጨበጨበች። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ።

እኔ "እንኳን ገባ" አልኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ብርዱ ግን አለ። ቅዳሴ ቆሜ አንዲት ቃል አልሰማሁም። የቆምኩት ስሌት ስሠራ ነው። የሽሮው ጨው ምን ያህል ነው? ሲፈላ አዮዲኑ ይጠፋ ይሆን? ጠፍቶ ከሆነስ? አንድ ጊዜ ጋዜጣ ላይ አዮዲን በሙቀት ይተናል የሚል ያነበብኩ መሰለኝ። ቀጥሎ ያለው ገጽ ግን ሚጥሚጣ ተጠቅልሎበት ሄዷል። እንዲህ ነው የኔ እውቀት፣ ግማሹ ሁልጊዜ ሰው ቤት ነው ያለው።

አንዴ "ዝም ብልስ?" ብዬ አሰብኩ። ማንም አያውቅም። እህቴ እንክብሏን ትውጣለች፣ ሐሙስ ማታ ክኒኗን ትጀምራለች፣ ሰው ትሆናለች። ፎቶው ንጹሕ ይወጣል። ንጹሕ ቢወጣ ግን እኔ በየሌሊቱ ምን አምናለሁ?

ምሳ ምስር በሽንኩርትና በዘይት ብቻ ሠራሁላት። አየችው።

"ምነው ገረጣ?"

"በርበሬ አላስገባሁበትም።"

"በርበሬም ተከለከለ እንዴ?"

ዝም አልኩ። እህቴ የኔን ዝምታ ለይታ ታውቃለች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እታለም፣ ምን አደረግሽ?"

ነገርኳት። ታደለም ነበር። ቤዛ ታች ከልጆች ጋር ትጫወት ነበር፤ ልጆቹ ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮሁ ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገረው ታደለ ነው። "ምን ያህል ይሆናል እትዬ? ቁንጥር ጨው እኮ ነው።"

"ቁንጥር አይደለም። የማስገባው እኔ ነኝ።"

"እሺ ይሁን። ግን ሳጥኑ መጥቷል። ባሕር ተሻግሮ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቷል። በየቀኑ ኃይሉ ይቀንሳል ያሉን እነሱ ራሳቸው አይደሉም? የእርስዎ በርበሬ እስኪወጣላት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።"

ሰናይት ብዙ ቆየች። አሁን ለእያንዳንዱ ቃል ትቆያለች። "ነገ እውጣለሁ" አለች። "ሐሙስ ፎቶዬን እነሳለሁ። ማታ ክኒኔን እውጣለሁ። በቃ።"

"ካልታየስ?"

"ካልታየ የለም ማለት ነው።"

"ሰኒዬ፣ ጠግቦ ተኝቶም ሊሆን ይችላል።"

"እንግዲያው ይተኛ!" ጮኸች። ያ የወፈረ ድምፅዋ ሲጮህ ያስፈራል። "አንቺ ነሽ በዚህ ገላ ውስጥ ያለሽው? ደረጃ ስወጣ ልቤ የሚቆመው ያንቺ ነው? የልጄን ስም አንድ ቀን ረስቼ ነበር፣ ታውቂያለሽ? አልነገርኩሽም። የልጄን ስም!"

ታደለ እጇን ያዘ። አስለቀቀችው።

"ዕድሜሽን ሙሉ ዝም ብለሽ ነው የኖርሽው" አለችኝ፣ አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ። "ባልሽ ጥሎሽ ሲሄድ ዝም። ቤቱን ሲወስዱብሽ ዝም። ነገ አንድ ቀን ብቻ ዝም በይልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

ምስሩን አንስቼ ወጣሁ። ማጠቢያው ጋ ቆሜ ቀዩን ክር ከድስቱ ፈታሁት። ለምን እንደፈታሁት አላውቅም።

ቤዛን ማታ ታደለ ወሰዳት። ስትሄድ እናቷን አገላብጣ ሳመቻት፤ ያሏትን ሰምታ ስለነበር "እስክትጠፊ ድረስ አልመጣም" አለቻት። ጨረሩን ማለቷ ነው። ማናችንም አላረምናትም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ታደለ ፈቃድ ስላላገኘ እኔና ሰናይት ብቻችንን ሄድን። በታክሲ አልተነጋገርንም።

ክፍሉ ፊት ለፊት አግዳሚ አለ። ከኛ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሸማ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝግጅታቸውን ጨርሰው እንክብሉ ግን ለሳቸው እንዳልታዘዘ፣ ምናልባት የሚቀር ሰው ቢገኝ ብለው ከአዳማ እንደመጡ ለጎናቸው ሰው ሲያወሩ ሰማሁ። ስማቸውን አልጠየቅሁም።

ሲስተር ምንትዋብ ሰናይትን ጠራች። ተከትዬ ገባሁ። ማንም አልከለከለኝም።

ጥያቄዎቹን ከወረቀት አነበበች። እርጉዝ ነሽ? አይደለሁም። የምታጠቢ ልጅ? የለኝም። ክኒን? አልዋጥኩም። ጨው?

"አልነካሁም" አለች ሰናይት። አላየችኝም።

ሲስተር እየሳቀች ወደኔ ዞረች። "እናታችን እያሉ ማን ይነካል? አይደል?"

የሲስተርን ጫማ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ጫፉ ላይ ጭቃ አለው። ይህንን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

"በርበሬው ውስጥ ጨው አለ" አልኩ። "ሽሮውም ውስጥ። እኔ ነኝ ያስገባሁት። እሷ አታውቅም ነበር። ሁለቱንም ሳምንት ስትበላው ነበር።"

"እታለም" አለች ሰናይት። ስሜን ብቻ።

ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠችና ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ያቺ ደቂቃ በዚህ ዓመት ካለፉት ሁሉ ትረዝማለች። ሰናይት ግድግዳውን ታያለች። እኔ እሷን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፈጥኖ ይናገራል። የምንበላውን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ቢናደድም አልተቆጣኝም። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ "እኔም እኮ ይህን ሽሮ በልቼ ነው ያደግሁት። ወረቀታችን ላይ ጨው አትብሉ እንላለን፣ በርበሬ የሚል ቃል የለበትም" አለ። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞረ።

"ምን ያህል አዮዲን ሰውነትሽ ውስጥ እንደገባ ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ የሚለካ መሣሪያ የለንም። ዛሬ ብሰጥሽና ፎቶው ንጹሕ ቢወጣ 'ንጹሕ ነሽ' ማለት አልችልም። 'አላየሁም' ነው የምልሽ። ለ'አላየሁም' ይሄን ሁሉ መከራ ማየት የለብሽም።"

ሁለት መንገድ አለ አለ። አንደኛው፣ ክኒኗን ሳትጀምር ሌላ ሁለት ሳምንት ከጨው በእውነት ርቃ መቆየት፤ ያኔ ጭነት ከመጣ ትውጣለች። ሁለተኛው፣ ክኒኗን ዛሬውኑ ጀምራ ሰውነቷ ሲያገግም ከወራት በኋላ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር። "ካንሰሩ ይጠብቃል?" አለችው። "ይህኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ቀስ ይላል" አለ። "ብዙ ጊዜ" ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። እስከ ነገ እኩለ ቀን በስልክ አሳውቂን አላት።

ስንወጣ ሲስተር ሽማግሌውን ጠራቻቸው። የሰናይት እንክብል ለሳቸው እንደደረሰ የገባቸው በሩ ላይ ስንተላለፍ ነው። ሸማቸውን ሰብስበው ለሰናይት እጅ ነሱ። "ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ "አሜን" አለች። እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ገባች፣ ሹፌሩ ጎን። እኔ ከኋላ ነበርኩ። መገናኛ ስንወርድም ሦስት እርምጃ ቀድማኝ ሄደች፤ እንዲያ ደክሟት ቀደመችኝ።

ማታ ታደለ ገብቶ ሁሉንም ሰማ። ምንም አላሾፈም። ከሱ ዘንድ ይህ ከቁጣ ይብሳል። "ክኒኑን የት ነው ያስቀመጡት?" አለኝ። ረስታ እንዳትውጠው እኔ ጋ ነበር። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰናይት አየችው። አልነካችውም። ተኛች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ዝናብ የለም። ቤት ያለነው እኔና ሰናይት። ታደለ ወጥቷል፣ ቤዛ አልተመለሰችም።

ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ከሱቁ ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ አመጣሁ፤ ጨው ያልደረሰበት እሱ ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት አልወሰድኩትም፣ ድንጋዩ የሌላ ሰው ጨው የፈጨ ነው። ቀነጠስኩ፣ ፍሬውን አራገፍኩ፣ ምጣድ ላይ ጥቂት አሞቅሁት። ሙቀጫውን ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ አጠብኩ። መውቀጥ ጀመርኩ። ማስነጠሴን በክንዴ አፈንኩት።

ሰናይት ጋቢዋን ተከናንባ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

"ምንድን ነው?"

"በርበሬ።"

"ሌላስ?"

"ምንም።"

"ሙቀጫውስ?"

"በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ።"

"እጅሽስ?"

አሳየኋት። መዳፌን አገላብጣ እንደ ሐኪም አየችው። ከዚያ ጣቷን ሙቀጫው ውስጥ ነክራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

"ይሄ በርበሬ አይደለም" አለች።

"አይደለም" አልኩ።

ክኒኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሳታየው አልቀረችም፣ በአጠገቡ ነው ያለፈችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንዲህ አጠገቤ ስትቀመጥ እስትንፋሷ ይሰማል፣ ከባድ ነው። ለሐኪሙ ገና አልደወለችም፤ ምን እንደወሰነች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሁለት ሳምንት ቆይታም ፎቶው ላይ ምን እንደሚታይ አላውቅም። ቢታይ ምን እንደምንሆን አላውቅም።

"ራበኝ" አለች።

ተነስቼ ድንች ቀቀልኩላት።